ውጤቴን ማን ይቀበል? ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የከፈትኩት ክር

ጥያቄዬን በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ የለጠፍኩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ክር የምለው ጥያቄዬንና ከሥሩ የተከታተሉትን መልሶች ነው። ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ 9ኛ ሌሊቴ ነበር። በግራ ጎኔ መተኛት አልችልም። ከብብቴ ሥር የወጣው፣ የቁስሉን ፈሳሽ የሚያወጣው የድሬን ቱቦ ጫፉ ላይ ካለችው ጠርሙስ ጋር ወገቤ ላይ ታስሯል። እናቴ ከአልጋዬ አጠገብ ፍራሽ አንጥፋ ተኝታለች። እንዳልቀሰቅሳት የስልኬን ብርሃን ቀንሼ በአንድ እጄ ጻፍኩ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ተናገርኩ። 31 ዓመቴ ነው። እጮኛ አለኝ፣ ልጅ የለኝም። እብጠቱን ያገኘሁት በየካቲት፣ ገላዬን ስታጠብ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ በዚህ ዕድሜ ካንሰር አይታሰብም፣ የወተት እጢ ነው ብሎ ሸኘኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሰባት ወር እንዲሁ አለፈ። መስከረም ላይ በመርፌ ናሙና ተወሰደና ካንሰር መሆኑ ታወቀ። በጥቅምት መጀመሪያ ጡቴ ከብብቴ ንፍፊቶች ጋር ወጣ። አሁን የምጠብቀው የወጣው ሥጋ ተመርምሮ የሚመጣውን ነው። ስፋቱ ምን ያህል ነበር? ንፍፊቶቹ ውስጥ ገብቷል? ዳር ዳሩ ንጹሕ ነው? ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል ተብያለሁ።

የወጣው ሥጋ ስለተላከበት ዕቃም ጻፍኩ። ከታከምኩበት ሆስፒታል ናሙናው የሚላከው ውጭ ወዳለ ላብራቶሪ ነው። የሚያደርሰው ደግሞ አስታማሚ ነው። ተከታዬ ወንድሜ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ተሰጠው። ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ፣ ስሜ ተጽፎበት፣ በጥቁር ፌስታል ውስጥ ነበር። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘው። ረዳቱ ወንበር ሥር እንዲያስገባው ነገረው፣ እሱ እንቢ አለ። ቦታ አጣበብክ ተብሎ የሁለት ሰው ሒሳብ ከፈለ። ይህን የነገረኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊት አያየኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። አንደኛው እነዚህን ቀናት ሌሎች እንዴት እንዳሳለፉ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሁለተኛው ነው። የላብራቶሪውን ደረሰኝ አጎቴ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጦታል። ያለ ደረሰኝ ውጤት አይሰጥም። ወረቀቱ መጀመሪያ እሱ እጅ እንዲገባ፣ ለእኔ የሚነገረው ተመርጦ እንዲነገረኝ ነው የፈለገው። ሳሎን ሆነው ሲንሾካሾኩ ሰምቻቸዋለሁ። ውጤቴን ማን ይቀበል ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛው መልስ ጎህ ሲቀድ መጣ። የጻፈችው ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ያለፈች ሴት ናት። መጀመሪያ መረቀችኝ። ከዚያ እሷ ስትጠብቅ ያደረገችውን ነገረችኝ። ምስር ስትለቅም ነበር። አምስት ኪሎ ምስር ሰፌድ ላይ አፍስሳ፣ ለቅማ ስትጨርስ ወደ ጆንያው መልሳ አፍስሳ እንደገና ለቀመችው። ጠጠር እንደሌለው እያወቀች። ጣቶቿ ሥራ ሲያገኙ ልቧ ትንሽ እንደሚረጋ አስተውላ ነበር። ስለ ደረሰኙ ምንም አላለችም።

2ኛዋ ነርስ ናት። ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ድሬኑ ነው የጻፈችው፣ እሱም ይበጀኝ ነበር። በጠርሙሷ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለክቼ ደብተር ላይ እንድመዘግብ፣ በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው እንደሚወጣ አስረዳችኝ። ክንዴንም ዝም ብዬ እንዳላስቀምጠው አስጠነቀቀችኝ። ሐኪሜ ከፈቀደልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ጣቶቼን እንደ ጉንዳን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስኬድ አለብኝ። በዚያው ቀን ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን የደረስኩበትን በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ከማብሪያ ማጥፊያው ብዙም አላለፈም።

በ3ኛው መልስ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። የጻፉት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ይመስላሉ። በጣም በአክብሮት አጎቴ ትክክል እንደሆነ አስረዱ። እናታቸው ካንሰር ሲገኝባቸው ልጆቹ ተማክረው ደበቋቸው። እናት ሁለት ዓመት በሰላም፣ እየሳቁ፣ ቡናቸውን እያፈሉ ኖሩ። ክፉ ወሬ ራሱ ሰው ይገድላል የሚል እምነት አላቸው። መርዶ እንኳን በጊዜውና በሰው ተከብቦ ነው የሚነገረው፣ ውጤትም እንደዚያው ነው ባይ ናቸው።

4ኛዋ አልራራችላቸውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው በሚለው ተረት ጀመረች። 34 ዓመቷ ነው። እሷም ቤተሰቦቿ ውጤቷን ደብቀውባት ነበር። የወጣላት እጢ ክፉ እንዳልሆነ ነግረዋት፣ የሚሰጣት መድኃኒት ለጥንቃቄ ነው ብለዋት ነበር። ለጥንቃቄ የሚወሰድ ነገር ደግሞ ሲመቸው ይዘለላል። ሁለት ቀጠሮ ዘለለች፣ አንዱ ለለቅሶ፣ አንዱ ለሥራ። እውነቱን ያወቀችው ከፋርማሲ መስኮት ነው። ባለሙያዋ ሌላ ሰው ያስረዳት መስሏት ስለ ኬሞው ሁሉን ዘረዘረችላት። ወረፋ መሐል፣ ቆማ። ለ3ኛው ጸሐፊ የጻፈችው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ስለት ነበረው። ሰላም የኖሩት እናትየው ይሁኑ ልጆቹ መጀመሪያ ይጣራ የሚል ነው።

እኚያ ሰው ተመልሰው መጡ፣ 5ኛው መልስ የእሳቸው ነው። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እናታቸው ያኔ 71 ዓመታቸው እንደነበር፣ የእኔን ዕድሜ ሳያስተውሉ እንዳለፉት አመኑ። በሐሳባቸው ግን ጸኑ።

6ኛው የራሴ ነው። ምናልባት በክሩ ሁሉ የጠቀመኝ ጥያቄ ይህ ሳይሆን አይቀርም። አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ያ ሥጋ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ብዬ ጠየቅሁ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚዘፈዘፍበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ አንሶ ይሆን ብዬም ሰግቻለሁ፣ ወንድሜ ሥጋው በደንብ የተዋጠ አልመሰለውም ነበር።

7ኛው መልስ ረጅሙ ነው። የጻፈው በፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣ ሥጋ መርምሮ በሽታን በመለየት፣ ስፔሻላይዜሽን ላይ ያለ ሐኪም ነው። ምሳ ሰዓቱ ላይ እንደጻፈ ያስታውቃል፣ ሁለት ጊዜ ከመሐል ተቋርጧል። ከሰውነት የወጣ ሥጋ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ያለዚያ ይበላሻል፣ ካንሰሩ የሆርሞን ተቀባይ እንዳለው የሚያሳየው የሆርሞን ምርመራም ሊሳሳት ይችላል። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ጡት ያለ ትልቅ ሥጋ ላብራቶሪ እንደደረሰ ተከፍሎ ይዘፈዘፋል። ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ። ጠርዙ በቀለም ይቀባል፣ ካንሰሩ ቀለሙን ከነካ ዳሩ ንጹሕ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ የብብቱ ስብ በጣት እየተዳሰሰ ንፍፊቶቹ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ቢያንስ 10 እስኪገኙ ድረስ ይፈለጋሉ።

ይለቀማሉ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ የ1ኛዋ ሰፌድ ትዝ አለኝ። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የእኔን እየለቀመ ነው። ሲቀጥልም ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ውስጥ ውኃው በአልኮል እንደሚወጣ፣ ሰም ውስጥ ተደፍኖ ብሎክ እንደሚሆን፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ እንዲሳሳ ተደርጎ እንደሚከተፍ ጻፈ። ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ሐኪሙ ደግሞ አንድ ብቻውን ሆኖ የመቶ ሰው ሥጋ የተለጠፈበት መስታወት ሊጠብቀው ይችላል። ስለ ፎርማሊኑ ግን አላባበለኝም። አንሶ ከሆነ ላብራቶሪው ሲቀበል ያውቀዋል፣ ስልክ ደውዬ በስንት ሰዓት እንደተቀበሉትና በምን ሁኔታ እንደነበር መጠየቅ መብቴ ነው። ደወልኩ። ከአንድ ሰዓት በታች ደርሷል፣ ወዲያው ተከፍሎ ተዘፍዝፏል። ለወንድሜ ስነግረው ተነስቶ በረንዳ ወጣ።

8ኛው ይህን ሁሉ አንብቦ ጉዳዩ ስንፍና ነው ብሎ ደመደመ። ውጭ አገር በሦስት ቀን ይሰጣል፣ እዚህ ሰው በጭንቀት ይገደላል እያለ መረረ። መቆጣቱ አልከፋኝም፣ እኔም ቆሽቴ ያረረባቸው ቀናት ነበሩ። 9ኛዋ ግን ከሜሪላንድ መለሰችለት። አሜሪካ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ውጤት እንደወጣ ለታካሚው እንዲታይ ያስገድዳል። ስለዚህ ሐኪሟ ሳይደውልላት ስልኳ ጮኸ። ዓርብ ማታ ነበር፣ ሥራ ቦታ፣ የዕረፍት ክፍል ውስጥ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ከውስጡ የገባት ቃል ሁለት ወይም ሦስት። እስከ ሰኞ ድረስ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ፍጥነቱን ከእኛ ጋር መለወጥ እንደማትፈልግ፣ ግን ብቻዋን ያነበበችበትን ክፍል እስከ ዛሬ እንደምትሸሸው ጻፈች።

10ኛዋ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ናት። የእሷ ውጤት የመጣው በጤና ድርጅቷ መተግበሪያ፣ በዕብራይስጥ ነው። መናገሩን ትችላለች፣ የሐኪም ጽሑፍ ግን ይከብዳታል። የተረጎመችላት የ14 ዓመት ልጇ ናት። ልጅቷ እያነበበች መሐል ላይ ዝም አለች፣ አንድ መስመር ዘለለች፣ ቀጠለች። እናትየው የተዘለለው መስመር እንዳለ አውቃ ዝም አለች። ይህን መልስ ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ጣሪያ ሳይ ቆየሁ። መደበቅ ሁልጊዜ ከአዋቂ ወደ ልጅ አይደለም ለካ። የ14 ዓመት ልጅም ከእናቷ ትደብቃለች።

ከ11 እስከ 15 ያለው ከርዕሱ ወጣ። አንዱ ስኳር እንዳልቀምስ መከረ። ሌላዋ ተልባና ጥቁር አዝሙድ፣ ሌላው የሽፈራው ቅጠል። 13ኛው ጭራሽ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር አመጣና ስልክ ቁጥሩን አስቀመጠ። አስተዳዳሪው ቁጥሩን አጠፋው። 14ኛዋ በካንሰር ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት፣ አጻጻፏ ቁጣ ብቻ ነበር። ቀዶ ሕክምናዋን ትታ በጠርሙስ መድኃኒት ስምንት ወር የቆየች ልጅ ቁስሏን በነጠላ ሸፍና እንደመጣች ጻፈች። የነጠላው ጥለት ምን ዓይነት እንደነበር ሳይቀር ታስታውሳለች። ስለ ስኳሩም አረመች። ስኳር ማቆም ካንሰርን አያስርበውም፣ ከቀዶ ሕክምና ለሚያገግም ሰው የሚያስፈልገው በደንብ መብላት ነው። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ሥጋ፣ የተገኘውን። እኔ ተልባውን አልናቅሁትም። አያቴም ትሰጠኝ ነበር። ነገር ግን ሰው ሲጨነቅ ጠብቆ ኪሱ የሚገባን ሰው ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

16ኛው ዲያቆን ነኝ ብሎ ገባ። ይጨቃጨቃሉ ብዬ ስጠብቅ ጸጥ አሰኛቸው። ፀበልም ልጠመቅ፣ መድኃኒቴንም ልዋጥ፣ መድኃኒት ጣይ የሚለኝ ካለ ግን የማንም ስም ቢጠራ እንዳልሰማው ነገረኝ። ቁስሉ እስኪደርቅ መጠመቁን ማዘግየት እንደምችልም ጨመረ። 17ኛዋ ሙስሊም እህት ናት፣ ከደሴ አካባቢ። በዱዓ ጀመረች። የእሷ መጠበቅ ከእኔ በእጅጉ ይለያል። እኔ እናቴ አጠገቤ ተኝታ ነው የምጠብቀው። እሷ ውጤቱን ለመጠበቅ አዲስ አበባ ውስጥ ማደሪያ አልነበራትም። ተመልሳ እንዳትሄድ የትራንስፖርቱ ገንዘብ የለም። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ባዘጋጀው ማረፊያ ነው የቆየችው። እዚያ አንዷ ውጤት ልታመጣ ስትወጣ ሌሎቹ ምሳ ሳይበሉ ይጠብቋታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያዩት ፊቷን እንጂ ወረቀቱን አይደለም። በዚያ ቤት ማንም ለማንም ምንም አልደበቀም።

18ኛዋ ያስፈራችኝ ናት። በወጣትነት የሚመጣ የጡት ካንሰር ሁሉ ትሪፕል ኔጋቲቭ ነው፣ ማለትም ሁለቱ የሆርሞን ተቀባዮችም ኸር-2 የሚባለው ካንሰሩን የሚያሳድግ ፕሮቲንም የሉበትም፣ የሆርሞን መድኃኒት አይሠራለትም ብላ በእርግጠኝነት ጻፈች። ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያችን ዐረፍተ ነገር ይዤ አደርኩ። በማግሥቱ 19ኛው መልስ አረማት፣ ያው የፓቶሎጂ ሐኪሙ ነው። እውነት ነው፣ በወጣቶች ላይ ያ ዓይነት ከትልልቆቹ ይልቅ ይበዛል። ሁሉም ግን አይደለም። በጥቁር አንበሳ የታከሙ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኢስትሮጂን ሆርሞን ተቀባይ ያለው ካንሰር ነበራቸው። እንዲህ ሲሆን ታሞክሲፈን የሚባል የሆርሞን መድኃኒት ይሰጣል፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ዕድሜዬ ለጋ ስለሆነም ሲበላሹ የጡት ካንሰርን በዘር የሚያስተላልፉት፣ ቢ.አር.ሲ.ኤ. የሚባሉት ጂኖች መታየት ቢችሉ ጥሩ እንደሆነ፣ ጉዳዩ እህቶቼንም እንደሚመለከት ነገረኝ። እህት የለኝም፣ የአክስቴ ልጆች ግን አሉ።

20ኛዋ ያልጠየቅሁትን ጠየቀችልኝ። ልጅ መውለድስ? እጮኛዬስ ምን አለ? እጮኛዬ በየማታው ይመጣል፣ ሳሎን ቁጭ ይላል፣ ከእናቴ ጋር ዜና ያያል። ስለ ልጅ አንድም ቀን አላነሳንም። 22ኛዋ ያነበበችውን አካፈለችን። ዕድሜያቸው 42ና ከዚያ በታች የሆነ 518 ሴቶች የተሳተፉበት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሴቶቹ የሆርሞን መድኃኒቱን ከ18 እስከ 30 ወር ከወሰዱ በኋላ ለመውለድ ሲሉ እስከ 2 ዓመት አቋረጡት። ለጊዜው በተደረገው ክትትል በሽታው ካላቋረጡት ይበልጥ አልተመለሰባቸውም። ዋናው ምክሯ ግን ኬሞ ከመጀመሬ በፊት እንድጠይቅ ነው፣ ከጀመርኩ በኋላ የሚቻለው ይቀንሳል። ያን ማታ እጮኛዬ ሲመጣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

23ኛው መልስ ቀናት አትርፎልኛል። ሐኪሙ አሁንም ተመልሶ፣ የሆርሞንና የኸር-2 ምርመራው በብዙ ቦታ ለብቻው እንደሚታዘዝና ለብቻው እንደሚከፈልበት፣ መታዘዙን ዛሬውኑ እንዳጣራ ነገረኝ። ደወልኩ። አልታዘዘም! የመጀመሪያው ወረቀት ወጥቶ፣ ቀጠሮዬ ደርሶ፣ ከዚያ ታዞ፣ ከዚያ ሌላ ሳምንታት ልጠብቅ ነበር። በማግሥቱ ወንድሜ የሐኪሜን ወረቀት ይዞ ሄዶ ከፈለ። ብሎኩ እንደማይጣልና እንደሚቀመጥ፣ ሲያስፈልግ እንደገና እንደሚከተፍም ያወቅሁት ያኔ ነው። መዘግየቱ ራሱ በሽታውን ይመልስብኝ እንደሆነም ጠይቄው ነበር። ኬሞ የሚያስፈልገው ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባብዛኛው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ90 ቀን እንዳያልፍ ነው መጠንቀቅ። ቁጥር ሲሰጡኝ እተነፍሳለሁ። አንዳንድ ሰው ቁጥር ያስጨንቀዋል፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ አይዞሽ ብቻ ሲባል ነው።

24ኛው አጎቴን ሰደበው። ጨቋኝ፣ ኋላ ቀር፣ ሌላም ሌላም። ያኔ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ፣ 25ኛው መልስ የእኔ ነው። አጎቴ ማለት ከሆስፒታል ስወጣ ደረጃውን ተሸክሞ ያወጣኝ ሰው ነው። ታናሽ እህቱ፣ የእኔ አክስት፣ በካንሰር ነው ያለፈችው። ውጤቷን የነገሯት ኮሪደር ላይ ነው፣ ሰው ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ሐኪሙ ወደ ሌላ ክፍል እየተጣደፈ። አጎቴ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አስጠላት። እሱ ደረሰኜን የያዘው እኔን ለመግዛት አይደለም። ያን ኮሪደር ሁለተኛ ላለማየት ነው። ቢሆንም ውጤቱ የእኔ ነው። ሁለቱም እውነት ነው ብዬ ጻፍኩ፣ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር።

26ኛው መልስ እኚያ የ3ኛው ጸሐፊ ናቸው። ይቅርታ አልጠየቁም፣ መላ ግን አመጡ። በቀጥታ ከአጎቴ ጋር እንዳልጋፈጥ፣ የንስሐ አባታችን ካሉ በእሳቸው በኩል እንዲነገረው፣ ልመናውም ውጤቱን ስጡኝ ሳይሆን አብረን እንቀበል የሚል እንዲሆን። ኮሪደር ላይ እንዳይከፈት ደግሞ ቦታው አስቀድሞ ይመረጥ። 4ኛዋ እንኳን ይህን ወደደችው። 27፣ 28ና 29 ምርቃትና አይዞሽ ናቸው። 29ኛው ስለ ታክሲ ታሪፍ ምሬት ጀምሮ ነበር፣ ማንም አልተከተለውም።

30ኛውን የጻፍኩት በ22ኛው ቀን ነው። አጎቴ የንስሐ አባታችን ባነጋገሩት ማግሥት ቡና ሲፈላ መጣ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ቦርሳውን አወጣ። ደረሰኙ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር፣ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቋል። ስንት ጊዜ እያወጣ እንዳየው እንጃ። ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ምንም አላለም። ሦስታችንም ሄድን፣ እኔ፣ ወንድሜና እሱ። ፖስታውን ተቀብለን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የከፈትኩት እኔ ነኝ።

2.8 ሳንቲ ሜትር። ግሬድ 2፣ ማለትም ክፋቱ መካከለኛ። ዳር ዳሩ ንጹሕ። ከተለቀሙት 14 ንፍፊቶች 2ቱ ውስጥ ገብቷል። የሆርሞን ተቀባዮቹ ሁለቱም አሉ። ኸር-2 ሁለት ፕላስ። አጎቴ 2ቱ የሚለውን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንድሜ ግን 12ቱ ነጻ ናቸው ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። አዎ አልኩት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

31ኛው መልስ ሁለት ፕላስ ገና መልስ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ዜሮና አንድ ፕላስ ኸር-2 የለም ማለት ነው፣ ሦስት ፕላስ አለ ማለት ነው፣ ሁለት ፕላስ ግን ፊሽ በሚባል ሌላ ምርመራ መለየት አለበት። ካለ ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት ለአንድ ዓመት ይታሰባል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ብሎኩ ሌላ ላብራቶሪ ይሄዳል። ሌላ ሳምንታት። 32ኛዋ የምስሯ ሴት ናት። ሰፈሬን ጠየቀችኝ፣ ቅዳሜ ሰፌዷን ይዛ ልትመጣ። መጣች። እጄ እንዳይደክም እሷ ታፈሳለች፣ እኔ እለቅማለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው የእርሳስ ምልክትም አሁን ከመስኮቱ አናት ጋር እኩል ሆኗል።

33ኛዋ አዲስ ናት፣ ከሐዋሳ። 26 ዓመቷ ነው፣ ቀዶ ሕክምናዋ ከነገ ወዲያ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቃውን የሚይዝላት ታናሽ እህቷ ናት፣ ምን ብላ ትንገራት?

34ኛውን የጻፈው ወንድሜ ነው። ክሩን ይከታተል እንደነበር አላውቅም ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ሲሰጣት ሰዓቱ ዕቃው ላይ መጻፉን፣ ሥጋው በፎርማሊኑ ሙሉ በሙሉ መዋጡን እንድታይ፣ ካልተዋጠ እንዳትቀበል። ሁለት ፌስታል ታድርግበት። ኮንትራት ታክሲ ትያዝ፣ ገንዘቡ ከቸገራት እሱ ይልክላታል። እንዳይጋደል ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ በሁለት እጇ ትያዘው። ከዚያ ለእኔ አንድም ቀን ያልነገረኝን ጻፈ። ዕቃው ገና ሞቅ ያለ ነው፣ እጇ ላይ ሲያርፍ እንዳትደነግጥ አስቀድመሽ ንገሪያት።